ከመንደር ገመድ እስከ ዓለም ሻምፒዮና፦ ሴት ልጆች የዘለሉትን ማን ቆጠረው?

የሂሳብ ሠራተኛዋ ዛሬ ደግሞ ስለ ገመድ ዝላይ ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ የተነሣው ከበጀት ነው። ለሴት ልጆች ትምህርት ከያዝነው ድጋፍ ላይ ጥቂት ለስፖርት ይዋል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ወሬው ሁሉ ስለ ኳስና ስለ መረብ ሆነ። አንዲት እናት ግን «ልጆቹ እኮ በየደጁ ገመድ እየዘለሉ ነው፤ ለምን ደኅና ገመድ አይገዛላቸውም?» ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «እሱ ጨዋታ ነው እንጂ ስፖርት አይደለም» የሚል ነበር። እኔም ጨዋታ የሚባለው ነገር ስፖርት የሚሆነው መቼና በማን ፈቃድ ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገመድ መዝለል መቼና የት እንደተጀመረ አንድ አገር ብቻ የእኔ ነው ሊል አይችልም። ገመድ ባለበት ሁሉ ልጅ ዘሎበታል። የሚገርመው ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ጨዋታው መጀመሪያ የወንዶች መሆኑ ነው። ሴት ልጆች በብዛት የገቡበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ሲገቡም በሰላም አልተተዉም። የዚያ ዘመን ጋዜጦች ብዙ የዘለለች ልጅ ታመመች፣ ሞተች እያሉ ወላጆችን ያስፈራሩ ነበር። ወንዶቹ ሲዘሉ ጉልበት የሚሰጥ የተባለው ገመድ፣ ሴት ልጅ ስትይዘው አደጋ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሚዛን እኛም አገር የምናውቀው ይመስለኛል።

ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ቦታው ኒው ዮርክ ነው። በዚያች ከተማ የጥቁር ቤተሰብ ልጃገረዶች «ደብል ደች» የሚባል ጨዋታ ነበራቸው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ሁለት ረጃጅም ገመዶችን ይይዛሉ፤ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጅ፣ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ ያዞራሉ። ሦስተኛዋ መሐል ገብታ ትዘላለች። አንዱ ገመድ መሬት ሲነካ ሌላው ከራስ በላይ ስለሆነ፣ የዘላይዋ እግር ፋታ የለውም። ስሙ እንደሚያሳየው ከሆላንድ ሰፋሪዎች ጋር የመጣ ነው ይባላል፤ እዚህ ደረጃ ያደረሱት ግን እነዚህ ልጃገረዶች ናቸው። ገመዱ የተገዛ አልነበረም፤ የእናት የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ሜዳውም የእግረኛ መንገድ ነው። ግጥሙንና ዜማውን የሚያወጡት ራሳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሦስቱ መካከል ሰው የሚያየው ዘላይዋን ነው። ሥራው ያለው ግን አዟሪዎቹ ዘንድ ነው። እጃቸው አንድ ጊዜ ከዘገየ፣ ገመዱ ከላላ ወይም ከተሳበ ዘላይዋ ትወድቃለች። ጎበዝ አዟሪ የዘላይዋን እግር እያየች ፍጥነቷን ታስተካክላለች። በየማኅበሩ ጓዳ ገመዱን ይዘው የሚያዞሩ፣ ፎቶ ላይ የማይታዩ ሴቶችን ሳስብ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም።

ቴሌቪዥን ቤት ከገባ በኋላ ጨዋታው ከመንገድ ላይ እየጠፋ ሄደ። በ1973 ዴቪድ ዎከር እና ዩሊሲስ ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ መርማሪ ፖሊሶች፣ ከሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ጋር ሆነው ደንብ አወጡለት። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፦ በየሠፈሩ ለወንዶች የሚሆን ውድድር ሞልቷል፤ ለሴት ልጆች ግን አንድም የረባ ነገር የለም። በየካቲት 14 ቀን 1974 የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ወደ 600 የሚጠጉ ልጆች ተሰለፉ። 600 ልጅ በአንድ ቀን! ችሎታው ቀድሞም ነበር ማለት ነው፤ ያልነበረው መድረኩ ነው።

ውድድሩ በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ ሁሉም ቡድን እኩል የሚሠራው የግዴታ ክፍል አለ፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር፣ እግር ማጣመር፣ ጉልበት ከፍ አድርጎ መርገጥ። ቀጥሎ ፍጥነት ነው፤ ሁለት ደቂቃ፣ የሚቆጠረውም የግራ እግር ብቻ። መጨረሻ ላይ ቡድኑ የራሱን ፈጠራ የሚያሳይበት ነፃ ክፍል ይመጣል። ከዚህ ሁሉ መሐል ለእኔ የጣመኝ ቆጠራው ነው። ሁለቱንም እግር እንቁጠር ቢሉ ዓይን ይምታታል፤ አንዱን ብቻ ይዞ መከተል ግን ይቻላል። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ በአንድ ሰው ገመድ ፍጥነት ሲለካ የሚቆጠረው የቀኝ እግር ነው፤ ዳኞቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጥራል፤ ከዚያም የሚቀራረቡት ቁጥሮች ተወስደው አማካያቸው ይያዛል። የወር መጨረሻ ጥሬ ገንዘብ ስንቆጥር እኔና ገንዘብ ያዣችን የምናደርገው ይኸው ነው። አንድ ሰው የቆጠረውን ማንም አያምንም፤ ትክክልም ነው።

ከሻምፒዮኖቹ ሁሉ ስማቸው የቀረው «ፋንታስቲክ ፎር» የተባሉት አራት ልጃገረዶች ናቸው። የኒው ዮርክ የሎወር ኢስት ሳይድ ሠፈር ልጆች ነበሩ። በ1980 ሻምፒዮን ሆኑ፤ ቀጥሎም በማክዶናልድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ታዩ። የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ ከከተማው ወጥቶ አውሮፓን ማየት በጀመረበት በ1982፣ ደብል ደች የሚዘሉ ልጃገረዶች ከሙዚቀኞቹ ጋር አብረው ተጉዘዋል። ከልብስ ማስጫ ገመድ ተነሥቶ አውሮፕላን መሳፈር ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። ደንቡን ያወጡት ወንዶች ናቸው። በጎ ሥራ ሠሩ፤ ምስጋናቸውን አልከለክልም። ሆኖም ልጃገረዶቹ ለራሳቸው ያወጡት ግጥምና ዜማ በውድድሩ ነጥብ አልተሰጠውም። ካይራ ጎንት የተባሉ ሙዚቃ አጥኚ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ የጥቁር ልጃገረዶች የገመድና የእጅ ማጨብጨብ ጨዋታ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደነበር ይሞግታሉ። እኛ አገርም «እቴሜቴ» እያሉ እጅ ለእጅ የሚያጨበጭቡ፣ ሱዚ የሚዘሉ ልጆች ምት የሚማሩት ከማንም መምህር አይደለም። ነገር ወደ መዝገብ ሲገባ ከፊሉ ይያዛል፤ ከፊሉ ይፈሳል። በሂሳብም ያው ነው፤ ቫውቸር የሌለው ወጪ እንዳልወጣ ይቆጠራል።

ኒው ዮርክ ራሷ ደብል ደችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ መደበኛ የውድድር ስፖርቶች ጋር ያስገባችው በ2009 ነው። ከመጀመሪያው ውድድር 35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በከተማዋ ሴት ልጆች ፈጥረውት በከተማዋ ትምህርት ቤት ለመቆጠር 35 ዓመት! ዴቪድ ዎከር ይህን ወቅት ለማየት አልደረሱም፤ በ2008 አርፈዋል።

በሌላው የአሜሪካ ክፍል ደግሞ የነጠላ ገመድ ዝላይ በመምህራን እጅ አደገ። በኮሎራዶ ቦልደር ከተማ ሪቻርድ ሴንዳሊ የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ልጆችን አሠልጥነው በየቦታው ትርኢት እንዲያሳዩ አደረጉ። በ1978 በሚልዋኪ ከተማ ዣን ባርኮ የተባሉ መምህርት ተማሪዎቻቸው ገመድ እየዘለሉ ለልብ ሕክምና ገንዘብ እንዲያሰባስቡ አደረጉ፤ ነገሩ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ደጋፊዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ እዚያ ገመዱ ገንዘብ አላወጣም፤ ገንዘብ አመጣ እንጂ።

ስፖርቱ ሲያድግ እንደ ብዙ ማኅበር ለሁለት ተከፈለ። ሁለት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ሁለት ደንብ፣ ሁለት «የዓለም ሻምፒዮና»። በ2018 ተዋሕደው ዓለም አቀፍ የገመድ ዝላይ ኅብረትን መሠረቱ። የመጀመሪያው የጋራ ሻምፒዮና በኮሮና ምክንያት ተስተጓጉሎ፣ በአካል ተገናኝተው የተወዳደሩት በ2023 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። ዛሬ የ30 ሰከንድ ፍጥነት፣ የሦስት ደቂቃ ጽናት፣ በአንድ ዝላይ ገመዱን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማዞር፣ በሙዚቃ የሚሠራ ነፃ ትርኢትና የቡድን ደብል ደች ሁሉ የየራሳቸው ደረጃ አላቸው። ጃፓኖች በደብል ደች በርትተው፣ ኒው ዮርክ ሐርለም ድረስ ሄደው ከባለቤቶቹ ፊት ያሸንፋሉ።

ለእኛ ቅርብ ሆኖ ያገኘሁት ግን የቻይናው ነው። በጓንግጆ ከተማ ዳርቻ፣ ሁዋዱ በሚባል ወረዳ፣ ቺሺንግ የተባለ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በ2010 ላይ ሹዋንጂ የተባለ ወጣት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ተመደበበት። ደኅና ሜዳ የለም፤ ለዕቃ የሚሆን ገንዘብም የለም። ገመድ የተመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው። መምህሩ ራሱ ዝላይ አይችልም ነበር፤ ቪዲዮ እያየ ነው ያስተማረው። ልጆቹ ቀጥ ብለው ከመዝለል ይልቅ ጉልበታቸውን አጠፍ፣ ጀርባቸውን ጎንበስ ቢያደርጉ ገመዱ የሚዞርበት ክብ እንደሚያንስና ፍጥነቱ እንደሚጨምር ደረሰበት። ከባዱን ገመድ ትተው በቀጭን የሽቦ ገመድ ዘለሉ። በ2015 ዱባይ ላይ ከዚያ ትምህርት ቤት የሄደው ሴን ሺያዎሊን የተባለ ልጅ በ30 ሰከንድ ሁለቱም እግሩ ቢቆጠር ከ200 በላይ ረገጠ። ዳኞቹ በዓይናቸው መከተል አቅቷቸው ቪዲዮውን አዝግመው እያዩ ቆጠሩት። ልጁ ወንድ ነው፤ ታሪኩን ያመጣሁት ስለ ትምህርት ቤቱ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። «ጨዋታ እንጂ ስፖርት አይደለም» ለሚለው ከገመድ ይልቅ የሩጫው ታሪክ የተሻለ መልስ አለው። በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ ከዚያ በኋላ ለሴት ይከብዳል ተብሎ ርቀቱ እስከ 1960 ከኦሎምፒክ ወጣ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት 800 ሜትር ነበር። የሴቶች ማራቶን የገባው በ1984፣ የሴቶች 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በዚሁ ርቀት ወርቅ አምጥታ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ርቀቱ ኦሎምፒክ ውስጥ ሲኖር ገና ሁለተኛው ጊዜ ነበር። ደራርቱ አሥር ዓመት ቀድማ ተወልዳ ቢሆን ያው ጉልበት፣ ያው የበቆጂ ዳገት ይኖራት ነበር፤ በዚያው ዕድሜዋ ኦሎምፒክ ላይ የምትሮጥበት 10,000 ሜትር ግን አይኖርም ነበር። ፋጡማ ሮባም በ1996 አትላንታ ላይ ያሸነፈችው ከ12 ዓመት በፊት በተከፈተ በር ገብታ ነው።

እኛ አገዎች ደግሞ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ፈረስ በየቤቱ ነበረ፤ ጉግሡም ነበረ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ግን ፈረሱ ቀን አገኘ፣ ደንብ አገኘ፣ አለቃ አገኘ። ዛሬ ጥር 23 ሲደርስ እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ አይታችሁታል። «ፈረስ መጋለብ እኮ ጨዋታ ነው» የሚል ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ይናገር እስቲ።

በአዲስ ቅዳም የገመድ ችግር የለም። ቅዳሜ ገበያ ለመጣ ሰው የከሰሉ ጆንያ የሚታሰረው፣ የዲከረንሱ እንጨት የሚጠፈረው፣ ፈረሱ የሚሳበው በገመድ ነው። ሴት ልጆቻችን ገመድ መጀመሪያ የሚያውቁት እንጨት ተሸክመውበት ነው። ሲዘሉበት የማያቸው ከ12 ዓመት በታች ያሉትን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለችው «አንቺ ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ትባልና ትተወዋለች። ወንድሟ በዚያው ዕድሜ ኳስ ሜዳ ይውላል። የኒው ዮርኮቹ የሠፈር ልጆች ሻምፒዮን የሆኑት ግን የእኛዎቹ ገመዱን በሚጥሉበት ዕድሜ አካባቢ ነው።

የበጀቱን ጉዳይ ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ይወስናል፤ በእኔ በኩል የገመዱ ዋጋ ከኳሱና ከመረቡ ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ እንዲቀርብ አደርጋለሁ። እስከዚያው ሴት ልጅ ያላችሁ አባላት እንዲህ አድርጉ፦ በስልካችሁ 30 ሰከንድ ያዙ፤ ልጅቱ በቀኝና በግራ እግሯ እየቀያየረች ትዝለል፤ ቀኝ እግሯ መሬት የነካበትን ብቻ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር። ቁጥሩን፣ ዕድሜዋንና ቀኑን ጽፋችሁ ቅዳሜ ለገበያ ስትወጡ ቢሮ አድርሱልኝ። መዝገብ ከፍቻለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ተሰምሯል።