ከፎቶ ወደ ሰው፦ እያዩ የመሳል ልምምድ በአቃቂ

አቃቂ በሰቃ ያደግን ሰዎች «የሰፈሩ ሠዓሊ» የሚባል ልጅ አናጣም። ጉርድ ፎቶ ይሰጡታል፤ በማስመሪያ ካሬ ካሬ ያሰምርበታል፤ በትልቅ ወረቀት ላይም ያንኑ ካሬ አስፍቶ ያሰምርና አንድ በአንድ ይገለብጣል። በሳምንቱ «ቁርጥ እሱን» የሚያሰኝ ሥዕል ያስረክባል። እኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት «እስቲ እኔን እያየህ ሳለኝ» ብለው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ተቀብለው አዩና «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ። ለቀልድ አልነበረም የጠየቁት።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት ለሚመኝ ወጣት ነገሩ ከሀፍረት ያለፈ ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት አመልካቾቹን በተግባር ይፈትናል። ሰፈር ውስጥ በፎቶ ሥዕል ስም ያወጣ ልጅ፣ እቃና ሰው ፊቱ ሲቀመጥ እጁ የሚተሳሰረው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው።

ምክንያቱ የተሰጥኦ ማነስ አይደለም። ፎቶ አንዴ የተጨመቀ ነገር ነው፤ ካሜራው ጥልቀቱን ወደ ዝርግ ወረቀት ቀይሮ ጨርሶታል። ሰው ፊት ሲቀመጡ ግን ያንን ሥራ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። በዚህ ላይ አእምሯችን ዓይን ያየውን ትቶ የሚያውቀውን ይስላል። ጀማሪ የሳለውን ፊት ተመልከቱ፤ ዓይኖቹ ወደ ግንባር ወጥተዋል። በእውኑ ግን የአዋቂ ሰው ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሀል ለመሀል ነው። (በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ዓይን ጎልቶ መሳሉ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱ ወግ ነው። ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን የሚሳሉትም በዚሁ ወግ ነው።)

መድኃኒቱ መለካት ነው። እርሳሱን ይዘው ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ይዘርጉ፤ ክርንዎ አይታጠፍ፤ አንድ ዓይን ይጨፍኑ። የሰውየውን ጭንቅላት ከእርሳሱ ጫፍ እስከ አውራ ጣትዎ ድረስ ይለኩና ያ ልክ በቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠሩ። የቆመ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ጭንቅላት ያህል ነው። ቀጥሎ በእጅና በወገብ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቅርጽ ይዩ። ለባዶው ቦታ አእምሯችን የተዘጋጀ ሥዕል ስለሌለው ዓይን ሳይታለል ያየዋል።

ለልምምድ ከቡና የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ቡና የምታፈላው ሴት ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ትቀዳለች፤ እንቅስቃሴዋ ግን ይደጋገማል። ስትወቅጥ የጀመሩት መስመር ቢያመልጥዎ ክንዷ ከአፍታ በኋላ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። በአቦል ጊዜ ፊትና ጣት ሳይነኩ የጀርባዋን ጎብጣና የክንዷን አቅጣጫ ብቻ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጣሉ፤ አምስት ስድስቱን በአንድ ገጽ ላይ። በቶና ከእነዚያ አንዱን መርጠው መጠኑን ያስተካክሉ። በረካ ላይ ረከቦቱን ይሳሉ። የሲኒዎቹ አፍ ክብ መሆኑን ስለምናውቅ ክብ አድርገን እንስለዋለን፤ ከጎን ሲታይ ግን ሞላላ ነው። አጎንብሰው ዓይንዎን ወደ ሲኒው አፍ ባስጠጉት ቁጥር ሞላላው እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ መስመር ይሆናል። ይህን ሳይረዱ የተሳለ ሲኒ ሁሌም ሊደፋ ያዘነበለ ይመስላል። አሜሪካዊው መምህር ኪሞን ኒኮላይደስም በ1941 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፋቸው ተማሪ ፈጣን የእንቅስቃሴ ንድፍ እንዲለማመድ መክረዋል፤ ቡናውን ግን አላገኙትም።

ከቤት ሲወጡ ጫኝና አውራጆችን ይፈልጉ። የጆንያ ክብደት የሰውን አካል እንዴት እንደሚያጎብጠው የቃሊቲ መጋዘኖች አካባቢ በነጻ ይታያል። በደብረ ዘይት መንገድ ዳር የተደረደሩት ምሰሶዎች ደግሞ እየራቁ ሲሄዱ እንዴት እንደሚያንሱና እንደሚቀራረቡ ያሳያሉ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ ይጠፋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፋብሪካ፣ ድልድይ ወይም የመንግሥት ግቢ ፊት ደብተር ይዞ መቆም ጥበቃ ያስጠራል፤ «ሥዕል ነው» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። ሰውንም ቢሆን ተደብቆ መሳል ነውር ነው። ጉሊት ላይ ያሉትን እናት «እማማ፣ ልስልዎት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እምቢ ካሉ ቲማቲማቸውን ያስፈቅዱ።

ስለ ቁሳቁስ ብዙ አልልም። 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ ምላጭና የኮፒ ወረቀት ይበቃሉ። የምድጃ ከሰል ጠንካራ ስለሆነ ወረቀት ይቧጭራል፤ ቀጫጭን የደረቁ ጭራሮዎችን ትንሽ ቀዳዳ ባለው በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ እሳት ላይ ጭሱ እስኪቆም ማቆየት ግን ለስላሳ የሥዕል ከሰል ያስገኛል። ቆርቆሮው ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ ጭራሮው አየር አግኝቶ አመድ ይሆናል።

ብዙዎች የሚያቋርጡት በሁለተኛው ወር ገደማ ይመስለኛል። ዓይን ከእጅ ቀድሞ ስለሚማር፣ ትናንት ያልታየን ስህተት ዛሬ ስናየው ሥዕላችን የባሰበት ይመስለናል። በዚያ ሰሞን ወረቀት አይቅደዱ፤ ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ። ቅዳሜን ሙሉ ከመሳል በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል። ሩብ ሰዓቱንም ቀድሞ ካለ ነገር ጋር ያስሩት፤ የታክሲ ሰልፍ ቢሆን፣ የቡና ሰዓት ቢሆን። ቀን ቢያመልጥዎ በማግስቱ ሩብ ሰዓቱን ብቻ ይሳሉ፤ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ግማሽ ሰዓት ለመሳል የሞከሩ ሲያቋርጡ አይቻለሁ።

እኔ አዛውንቱን በስድስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሳልኳቸው። ዘጠነኛው ላይ «አፍንጫው የእኔ ነው» አሉ። አሥራ አንደኛውን ለልጃቸው ሊልኩ ወሰዱት፤ ገንዘብ ግን አልከፈሉኝም።