ማሩ ለጌታ፣ ሰሙ ለደብር

ሰሞኑን በየዶርሙ «ተመርቀን ሥራ ካጣን ንብ እናነባለን» የሚል ወሬ በርክቷል። ቀልድ ይምሰል እንጂ ቁም ነገር አለው። ታዲያ ወሬው ገና ሲጀመር አንዱ ይነሣና «የአገራችን ንብ ተናዳፊ ናት፤ ቀፎውም ኋላ ቀር ነው፤ ለምን ከውጭ አናስመጣም?» ይላል። ፍርዱ ከመጽናቱ በፊት የኋላውን ታሪክ እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ንብና ንግሥና በአገራችን ከጥንት የተሳሰሩ ናቸው። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ የማሩን ብዛት ጽፏል፤ ገበሬው ቀፎውን በሚኖርበት ቤት ግድግዳ አስጠግቶ እንደሚያኖርም ተመልክቷል። እንግዲህ ንቧ ጎረቤት ብቻ ሳትሆን ቤተሰብ ነበረች ማለት ነው።

ግን ማሩን ማን በላው? ማር እንደ እህልና እንደ ከብት ግብር ነበረ። በጉንዶ እየተሰፈረ ከገበሬው ወደ ባለጉልቱ፣ ከባለጉልቱ ወደ መኳንንቱ፣ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥት ይወጣል፤ በግብር አዳራሽም ጠጅ ሆኖ ይቀዳል። ሰሙ ደግሞ ጧፍ ሆኖ በየደብሩ ይበራል፤ የተረፈው በነጋዴ ጭነት ወደ ባሕር ይወርዳል። እኛ በቅኔ የምንኮራበት «ሰምና ወርቅ» እንኳ ከአንጥረኛው ሰም የተገኘ ነው። ለአናቢው የቀረው ምን ነበር? ንድፊያው ነዋ!

አሮጌው ቀፎ ለምን ያን ያህል ዘመን ቆየ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይፈታል። አሜሪካዊው ላንግስትሮት በ1852 ባስመዘገበው ባለፍሬም ቀፎ ማሩ በማሽን ተጨምቆ እንጀራው ለንቧ ይመለሳል፤ ንቧ ሰም ለመሥራት ስለማትደክም ማሩ ይበዛል። የእኛ ቀፎ ግን ማሩ ከነእንጀራው ይቆረጥበታል። ጠጅ ጣዩ ያንኑ ከነሰሙ ይበጠብጠዋል፤ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይለቀምና ለነጋዴ ይሸጣል። ደብሩ ሰም፣ አዳራሹ ጠጅ በሚፈልግበት አገር ይህ ቀፎ ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበር። ምርቱን መጨመርማ ምን ይጠቅመው ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ትርፉ የሌላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቀፎ ለማሻሻል አይጨነቅም። የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል የታወጀው በ1940ዎቹ ነው፤ የጭሰኛውን ግዴታ የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ደግሞ በ1975። ያ ሸክም ከወረደ ገና የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ እንኳ አልሆነም።

ዕውቀቱስ ኋላ ቀር ነው ወይ? ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተጎንጉኖ በእበትና በጭቃ የተመረገውን ረጅም ቀፎ አስቡት። ንቧ እጯን ወደ መግቢያው፣ ማሯን ወደ ኋላ ታኖራለች፤ ጠንቃቃ አናቢም በስተኋላ ከፍቶ እጩን ሳይነካ ማሩን ይቆርጣል። ንቧ በቀን ቁጡ ስለሆነች በምሽት በጭስ ይሠራል። አበባው ሲጠፋ ቀፎዋን ጥላ እንደምትሄድ ያውቃል፤ ባዶ ቀፎ አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅልና መንጋው ሲመለስ ይቀበላል። ይህን ሁሉ ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም። «አውራ» የሚላት ሴት መሆኗን አልተረዳ ይሆናል፤ ግን አውሮጳም ቢሆን ንግሥቲቱን ለብዙ ዘመን «ንጉሥ» ሲል ኖሯል፤ እንግሊዛዊው በትለር የሴቶች መንግሥት ነው ብሎ መጽሐፍ ያወጣው በ1609 ነው።

«ከውጭ እናምጣ» ለሚለው ደግሞ ብራዚል ትመልስ። በ1956 የማር ምርት ለማሳደግ ተብሎ የአፍሪካ ንብ ወደዚያ ተወሰደ፤ በ1957 መንጎች አመለጡ፤ ከነባሩ ጋር ተዳቅለው በ1990 አሜሪካ ቴክሳስ ደረሱ። ንብ በግ አይደለችም፤ በበረት አትያዝም። የእኛዋን በተመለከተ ደግሞ ተመራማሪዎች በ2011 ከጎረቤት አገሮች ንቦች ለይተው በሰሜን ተራሮች ስም «ሲሜንሲስ» ብለዋታል። ከደጋው ብርድና ከአበባው ወቅት ጋር የተስማማች ናት፤ ቁጣዋም ማሯን ያቆየችበት ጋሻ ነው።

ስለዚህ ቀፎ ለመስቀል ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ንቧን አትለውጡ፤ አያያዙን አሻሽሉ። በ1970ዎቹ በኬንያ የተሠራው፣ እኛ «የሽግግር ቀፎ» የምንለው፣ በአገር እንጨት ይሠራል፤ ዛፍ መውጣትም ስለማይጠይቅ በወንድ ብቻ ተይዞ የኖረው ሥራ ለእህቶቻችንም ይከፈታል። ከሁሉ በፊት ግን ደብተር ይዛችሁ አንድ አረጋዊ አናቢ ዘንድ ሂዱ። የትኛው አበባ መቼ እንደሚፈነዳ፣ መንጋው ከየት እንደሚመጣ እሱ ያውቃል፤ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባል የለ? ማሩን ለዘመናት ሰፈርንበት፤ የእሱን ነገር ግን ገና አልጻፍንም።