ጓዳ፣ ጎዳና እና ወደብ፦ የአሰብ ቤተሰቦች ኑሮና የደጋ እንግዶቻቸው



ስለ አሰብ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። አብዛኛው ግን ስለ ውል፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ጭነትና ስለ ጦርነት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከወደቡ አጥር ውጭ ስለነበሩት ቤቶች ነው፤ እንጀራ ስለተጋገረባቸው፣ ልጆች በግቢያቸው ስላደሩባቸው፣ ከወሎና ከሸዋ የወረዱ ዘመዶች ሳምንት ሁለት ሳምንት ዐርፈው ስለተመለሱባቸው ቤቶች። ጥያቄዬም አንድ ነው። ቆላን እንደ ሞት ይፈራ የነበረው የደጋ ሰው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ «ዐረፍ ብዬ ልምጣ» ማለትን እንዴት ለመደ? ዓመታትን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ በሁለቱ መካከል እየተመላለስኩ ላደክማችሁ አልፈልግም።

ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ አላን ኮርባን በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አውሮፓውያን ባሕርን ከመፍራት ወደ መናፈቅ የተሻገሩት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 19ኛው አጋማሽ ባለው ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። በዚያ ለውጥ ውስጥ ሐኪሞች፣ ሠዓልያንና ባለጸጎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይህን ማዕቀፍ እንዳለ አንሥቶ ወደ እኛ ማምጣት ግን አያዋጣም። የእኛ ሰው ለጤናው ፍል ውኃና ጠበል ነበረው። ወደ ባሕሩ የወሰደው ባሕሩ አልነበረም፤ ዘመድ ነው። ዘመዱን ደግሞ ወደዚያ የወሰደው ደመወዝ ነው።

የአሰብን የቆየ ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ጁሴፔ ሳፔቶ በ1869 ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች ቦታውን ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ገዛ፤ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። በ1928ቱ የኢትዮጵያና የጣሊያን የወዳጅነት ውል ለኢትዮጵያ በአሰብ ነፃ የወደብ ቀጣና እንዲሰጣትና አሰብን ከደሴ የሚያገናኝ መንገድ እንዲሠራ ታሰበ። መንገዱ በስምምነት ሳይሆን በወረራው ዘመን ተሠራ። በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትጣመር አሰብም አብራ መጣች። በ1950ዎቹ መገባደጃ የዩጎዝላቪያ መሐንዲሶች ዘመናዊውን ወደብ ይሠሩ ጀመር፤ በሶቪየት ኅብረት ብድር የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያም በ1967 ሥራ ጀመረ። የእኔ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ወደብና ማጣሪያ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ሠራተኛም ቤት ይፈልጋል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ከደሴ ወርዶ በወደቡ የጭነት ቆጣሪ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነበር። ሲሄድ አያቴ እንደ ሟች አልቅሳለታለች ይባላል። ይህን እንደ ቤተሰብ ተረት ብቻ አትውሰዱት። በደጋው ሰው አእምሮ ቆላ የንዳድ አገር ነው፤ ወርዶ ያደረ ታሞ ይመለሳል፣ ወይም አይመለስም። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ ወባ በእርግጥ ይገድል ነበርና። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ቤት ለቤት መርጨት ሲጀመር፣ በ1951 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት መንገዶቹን ሲያድስ፣ መውረድ ከመቀበር መለየት ጀመረ። የፍርሃቱን መርገብ አንድ ሰው ብቻ አላመጣውም፤ የደጋ ሰው የሚያምነው ግን የራሱን ዘመድ ነው። አጎቴ በሁለተኛው ዓመት ወፍሮ፣ የእጅ ሰዓት አስሮ፣ በጆንያ ጨው ጭኖ ሲመጣ፣ አያቴ ያወረደችውን እንባ መለሰች ይሉናል።

መንገዱን በጥቂቱ ላንሣ። ከአዲስ አበባ አሰብ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 500 ይጠጋል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ባቲን ያለፈ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካፖርቱን፣ ጋቢውን፣ ሹራቡን በየተራ ያወልቃል። ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ ይከተላሉ። አውቶቡስ ነበር፤ የቤተሰቦቹ እውነተኛ ፖስታ ቤት ግን ተሳቢ የጫነው ኤንትሬ ፊያት ነበር። ደብዳቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም አደራ የተባለ ሕፃን በሹፌር እጅ ይሄድ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌርን በነዳጅና በጭነት ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን፤ በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ግን ገና ቦታውን አላገኘም። የሁለት አገር ወሬ የሚያውቅ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ የሚያደርስ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የአጎቴ ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ ግቢ ነበረው። ግቢው ከክፍሎቹ ይበልጥ ነበር፤ ምክንያቱም ከመጋቢት እስከ መስከረም ሌሊት ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው አልነበረም። የገመድ አልጋዎች ሲመሽ ይወጣሉ፣ ሲነጋ ይገባሉ። ከመተኛት በፊት መሬቱ ውኃ ይረጫል። ሥራ የሚጀመረው ገና በማለዳ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጥ አገልድሞ ይጋደማል፣ ከተማው እንደገና የሚነቃው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ደሴ ላይ በቀን መተኛት የሕመምተኛ ወይም የሰነፍ ምልክት ነበርና እናቴ የመጀመሪያውን ሰሞን ተሳቅቀው እንደነበር ይነግሩን ነበር።

ጓዳው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ደሴ ላይ የጤፍ ሊጥ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። አሰብ ላይ ማታ የተቦካው ጠዋት ይደርሳል፤ ቢያሳድሩት ይኮመጥጣል። የአጎቴ ሚስት፣ እታለም የምንላቸው፣ እርሾውን እየቀነሱ፣ የሚያቦኩበትን ሰዓት እያመሻሹ የራሳቸውን ሥርዓት አበጅተው ነበር። ቅቤ አይረጋም፤ እንደ ዘይት በጠርሙስ ይቀመጣል። በርበሬ ግን እንደዚያ ያለ ማድረቂያ አገር የለውም። ዓሣ ርካሽ ነበር፤ የደጋ እንግዳ በመጀመሪያ ይጸየፈዋል፣ ለብለብ ሆኖ ሲቀርብለት ሁለተኛ ይጨምራል። ዳቦውን የሚጋግሩት የመን ማዶ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ወተቱን የሚያመጡት የአፋር ሴቶች ነበሩ። ስለ እነርሱ እመለስበታለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለትዝታ አይደለም። የደጋ ሰው ቆላን «ያዘ» ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ወታደርንና አስተዳዳሪን ነው። እኔ የምለው አንድ ሰፈር የሚለመደው በጓዳ ነው፤ አንዲት ሴት ሊጧን ከአየሩ ጋር ባስማማችበት ቀን። ያ ቀን በመዝገብ ቤት የለም። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ውስጥ አጎቴ ይገኛሉ፤ እታለም አይገኙም። ነገር ግን እንግዳ ሊቀበል የሚችል ቤት ያቆሙት እርሳቸው ናቸው፤ እንግዳ የሚቀበል ቤት ባይኖር ኖሮ አሰብ ለደጋው ሰው የሥራ ካምፕ ሆና በቀረች ነበር።

እንግዳው የሚወርደው መቼ ነው? እዚህ ላይ የአየሩ ነገር ይመጣል። የትምህርት ቤት ረጅሙ ዕረፍት ክረምት ነው፤ አሰብ ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ሰው የሚጠበስበት ወቅት ነው። የባሕሩ ዳር አየር የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ስለዚህ በእኛ ቤተሰብ፣ በጎረቤቶቻችንም ዘንድ፣ ጉዞው ባለሁለት አቅጣጫ ሆነ። ክረምት ሲገባ የአሰብ ልጆች ወደ ደሴ ይወጣሉ፤ ዝናብና ጭቃ አይተው፣ የበቆሎ እሸት በልተው ይከርማሉ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ እኛ እንወርዳለን። አጎቴ ስንመለስ ተምርና ጨው ያሸክሙናል። እኛ ስንወርድ ጤፍ፣ ቆሎና ጌሾ እንጭናለን። ሁለቱ ቤቶች እንደ አንድ ቤት ሁለት ክፍሎች ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ አንዱ ክፍል ሲሞቅ ወደ ሌላው መዛወር ነው።

ዕረፍቱ ራሱ ምን ይመስል ነበር? አንድ ምጽዋን የጎበኘ የአስመራ ሰው ስለ ሆቴል፣ ስለ ጉርጉሱም የባሕር ዳርቻ ያወራችኋል። አስመራና ምጽዋ ከ1911 ጀምሮ በባቡር የተገናኙ ነበሩ፤ መዝናኛውም በአውሮፓዊ ልማድ ላይ የተሠራ ነበር። አሰብ ግን የሠራተኛ ከተማ ነበረችና የእኛ ዕረፍት ከቤት እምብዛም አልራቀም። ቡና ይፈላል፣ የዘመድ ወሬ ይጠረቃል፣ እርቅ ካለ ይታረቃል፣ ማታ ነፋሱ ሲነሣ ወደ ውኃው ዳር ወጣ ይባላል። እናቴ ባሕሩን የመጀመሪያ ጊዜ ባዩበት ምሽት ለወንድማቸው፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ውኃ ምን ያደርጉታል? አይጠጣ፣ አይታረስበት!» አሏቸው። አጎቴም «ደመወዝ እናደርገዋለን» ብለው መለሱላቸው። ኮርባን ከጻፈላቸው ባሕር አድናቂዎች ከአንዱም እንዲህ ያለ ቅን አስተያየት መውጣቱን እጠራጠራለሁ።

ሁሉም ጉብኝት ግን የዕረፍት አልነበረም። በ1984 እና በ1985 ወሎ በረሃብ ስትመታ ለእርዳታ የመጣው እህል ከሚራገፍባቸው ወደቦች ዋነኛዋ አሰብ ነበረች። አጎቴ በቀን የሚቆጥሩት ጆንያ ወደ ገዛ አገራቸው የሚሄድ ነበር። በዚያ ዓመት ከገጠር የመጡት ዘመዶች ጤፍና ጌሾ አልጫኑም፤ ባዶ እጃቸውን መጡ፣ ቀናቸውንም አልቆጠሩም። ግቢው በአልጋ ሞላ። እታለም ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚናገሩት ስለ ወደቡ መጨናነቅ ወይም ስለ መርከቦቹ ወረፋ አልነበረም፤ ስንት ጊዜ በቀን ይጋግሩ እንደነበር ነው። ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም ቁጥሮች ቢያገኝ እመኛለሁ።

ወደ ወተቷ ሴት ልመለስ። አሰብ የአፋር ምድር ናት። በእኛ የቤተሰብ ትዝታ ውስጥ የአፋር ሴት በየጠዋቱ በሩ ላይ አለች፤ ስሟ ግን የለም። የጨው ሠራተኛው አለ፣ ስሙ የለም። የሰሌን ምንጣፉን ያስታውሳሉ፣ የሠራችውን እጅ አያስታውሱም። ይህን የምለው ዘመዶቼን ለመክሰስ አይደለም፤ እንግዳ ተቀባይነታቸው በእኔም ላይ ያረፈ ነው። ነገር ግን «አሰብ የእኛ ቤት ነበረች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዛሬ በየመድረኩ ስሰማ፣ በየትኛው ትርጉም እንደተነገረ መጠየቅ ሙያዬ ያስገድደኛል። ቤት የሠራ ሰው ትዝታው የራሱ ነው። ትዝታ ግን የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም፤ በዚያው ግቢ በር ላይ የቆመችውን ሴት ትዝታ ሳይሰማ ከተጻፈ ደግሞ ታሪክም አይሆንም። በ1987 አሰብ ራስ ገዝ ስትባል ስለ አፋር ሕዝብ ብዙ ተብሏል፤ የአፋር ቤተሰቦች የዕለት ኑሮ ግን በአማርኛ ጽሑፋችን ውስጥ እስከ ዛሬ ገጽ አላገኘም። ከመካከላችሁ አፋርኛ የምትናገሩ ተማሪዎች ካላችሁ ሥራው ከእኔ ይልቅ ለእናንተ የቀረበ ነው።

ከ1991 በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአሰብ ቆዩ፤ በ1993 ኤርትራ ነፃነቷን ካወጀችም በኋላ ኢትዮጵያ በወደቡ መጠቀሟን ቀጠለች፣ የጥርና የክረምት ምልልሱም ቀጠለ። ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ። በግንቦት 1998 ጦርነቱ ሲነሣ ግን የወደቡ ሥራ ለኢትዮጵያ ጭነት በአንድ ጊዜ ቆመ። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሥራቸውንና ቤታቸውን አጡ። በዚያው ጊዜ ከኢትዮጵያ የተባረሩ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ከፊሎቹ በአውቶቡስ ተጭነው በቡሬ በኩል ወደ አሰብ ተሻገሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ የማይወዱ ሰዎች አሉ። እኔ ግን መንገዱ አንድ ነው እላለሁ፤ ጌሾና ጤፍ የተጫነበት፣ የአደራ ልጅ የተላከበት ያው አስፋልት ነው። በመስከረም 2018 የቡሬ ድንበር ሲከፈት ዘመዶች ተፈላልገው ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

የወደብ ታሪክ ከጅቡቲ ጋር ቀጠለ፤ የጨው ታሪክ ወደ አፍዴራ ዞረ። የቤቶቹ ታሪክ ደግሞ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአዲስ አበባ ኪራይ ቤቶች ተበተነ። አጎቴና እታለም የመጡት በሁለት ሻንጣ ነው። የገመድ አልጋ አላመጡም፤ ደሴ ላይ ደጅ የሚያድር የለም። እታለም በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዳቸው ማታ አቡክተው ጠዋት ሊጋግሩ ተነሡ። ምጣዱን አሰምተው ክዳኑን ሲከፍቱ ሊጡ ገና እንደ ማታው ነበር።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከዚያ የወጡ ቤተሰቦች ያሏችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።