የደቦ ጠላና የሰሊጥ ማሳ ሒሳብ

ቢቸናና ሞጣ በታሪክ ሲነሡ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ አብሮ ይነሣል። ቢቸና ሲባል አርበኛው በላይ ዘለቀ ትዝ ይለናል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠሩ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ያለው የጎጃም ገበሬ አመጽ ይመጣል። የእነዚህ አገሮች የሥራ ታሪክ ግን እምብዛም አይወራም። እስቲ ዛሬ እሱን እናውራ፤ በተለይ አንዲት ጥያቄ ይዘን፦ ሰው የሚያሠራ ሰው ስለ ሠራተኛው ምሳ፣ ውሃ፣ መኝታና ጤና የሚጨነቀው ለምንድን ነው? ለጽድቅ ነው ወይስ ያተርፍበታል?

ከደቦ እንጀምር። ጤፍ ሲደርስ አንድ አባወራ ብቻውን አይወጣውም። ከቆየ ይረግፋል፤ ዝናብ ካገኘው ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ወንፈል ነው፦ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ፤ ቀን በቀን የሚቆጠር ብድር ነው። ሁለተኛው ደቦ ወይም ጅጌ ነው። እዚህ ላይ ጠሪው ይደግሳል። ጠላው ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል፣ ዳቦው ይደፋል፣ እንጀራው ይጋገራል። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንት ቁና እህል እንደሚበቃ ሒሳቡን የምትይዘው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። የድካሟን ዋጋ ግን የሚቆጥርላት አልነበረም።

ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን? መልሱ ቀላል ነው። የጠገበ አጫጅ ማሳውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሳል። የተራበ አጫጅ ደግሞ ዛሬ ቢለግም፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ አይመጣም። ቆጥቋጣ ደጋሽ ስሙ በአንድ ገበያ ቀን አገር ያዳርሳል። በተጨማሪም ገበሬው ይሄን ሒሳብ ከበሬው ያውቀዋል። ከእርሻ በፊት በሬውን ያበላል፣ ጫንቃው የቆሰለውን አይጠምድም። ይህን የሚያደርገው ስለሚያዝንለት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሬው ከወደቀ የዓመቱ እርሻ ይወድቃል።

ታሪኩ የሚወሳሰበው ሥራው ከመንደር ሲወጣ ነው። መሬት የጠበበበት የምሥራቅ ጎጃም ወጣት ለደመወዝ ወደ ቆላ መውረድ ከጀመረ ቆይቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁመራ አካባቢ በትራክተር የሚታረስ ሰፋፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ተስፋፋ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እርሻዎቹ ተወረሱ፤ በኋላ ደግሞ በሁመራም በመተማም የባለሀብት እርሻ ተመልሶ መጣ። ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ ማሳ ላይ ከደጋ የወረደ ሠራተኛ ጠፍቶ አያውቅም።

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚያ ያደገ ልጅ ከወባ ጋር አይተዋወቅም፤ ሰውነቱም የመከላከል ልምድ የለውም። ይሄ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ወባ እምብዛም ወደማይታይበት ከፍታ ወጥቶ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳሳመመ፣ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ሰሊጡን እንየው። ሰሊጥ ታጋሽ ሰብል አይደለም። ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የአጨዳው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ያ ጊዜ ደግሞ፣ መስከረምና ጥቅምት፣ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ሁለቱን ቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአጨዳው ሳምንት አሥር ሰው ትኩሳት ይዞት ከተኛ፣ ባለ እርሻው የሚያጣው የአሥር ሰው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ መሬት ላይ የቀረውን ሰሊጥም ጭምር ነው። የአጎበር ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ይሄን ሒሳብ ቀድሞ የሠራ ኩባንያ በአፍሪካ ነበር። በዛሬዋ ዛምቢያ፣ ሉዋንሺያ በሚባል ቦታ፣ የሮአን አንቴሎፕ የመዳብ ማዕድን ሲከፈት ሠራተኛው በበሽታ እየረገፈ ቦታው ስሙ ጠፋ፤ ሰዎች ወንዙ ውስጥ ገዳይ እባብ አለ ብለው ይሸሹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ኩባንያው ማልኮም ዋትሰን የተባለውን የወባ ሐኪም አስመጣ። ረግረጉ ተንጣፈፈ፣ የወንዙ ዳር ተመነጠረ። በጥቂት ዓመታት ሕመሙም ሞቱም በእጅጉ ቀነሰ፤ ሠራተኛም መምጣት ጀመረ። ኩባንያው መልአክ ስለነበረ አይደለም፤ ያለ ሰው መዳብ እንደማይወጣ ስለገባው ነው።

ታዲያ ትርፍ ብቻውን ለሠራተኛ ጤና ዋስትና ይሆናል ማለት ነው? አይሆንም። ለዚህ ምስክሩ ካላዛር ነው። የቆላው ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል። ዝንቧ በተሰነጠቀ ዋልካ አፈርና በግራር ሥር ትሸሸጋለች፤ ማለትም ሠራተኛው ደክሞት ሜዳ ላይ በሚተኛበት ቦታ። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ግን ወባ በሳምንታት ውስጥ ሲጥል፣ ካላዛር ብዙ ጊዜ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ሰሊጡ ተሽጧል፣ ደመወዙ ተከፍሏል፣ ልጁም ሞጣ እናቱ ቤት ተመልሷል። ሆዱ ሲያብጥና ሰውነቱ ሲከሳ የሚያዩት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ ለሕክምና በግ የሚሸጡትም እነሱ። በባለ እርሻው መዝገብ ላይ ይህ ወጪ የለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ሲቀሰቀስ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን ከቆላ የተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ገምተዋል። ያ ሒሳብም በማንም እርሻ መዝገብ አልገባም።

የውጭውም ልምድ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ካትሪን ቤይከርና ባልደረቦቿ የቀደሙ ጥናቶችን ገምግመው፣ የአሜሪካ ድርጅቶች ለሠራተኛ ጤና ፕሮግራም ከሚያወጡት ከ1 ዶላር ወደ 3.27 ዶላር የሕክምና ወጪ እንደሚያተርፉ ጻፉ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ያችው ቤይከር ከዚሩይ ሶንግ ጋር፣ ወደ 33,000 ሠራተኞች ባሉት የመደብር ድርጅት ውስጥ ቦታዎችን በዕጣ መርጠው ሲፈትኑት፣ ከ18 ወር በኋላ በሕክምና ወጪም ሆነ ከሥራ በመቅረት ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ፕሮግራሙ ስለ አመጋገብ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ጭንቀት የሚያስተምር ነበር። የሥራውን ሰዓትና ክፍያ ግን አልነካም። ዋትሰን ለሠራተኛው ምክር ከመስጠት ይልቅ ረግረጉን ነው ያደረቀው። ደቦ ጠሪውም ስለ አመጋገብ አያስተምርም፤ ምሳ ያቀርባል።

በደቦና በሰሊጥ እርሻ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። ደቦ ጠሪ ሠራተኛውን በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገኘዋል፣ ለቅሶ ላይ ያገኘዋል፣ ገበያ ላይ ያገኘዋል። ቢታመም ይሰማል፤ ሳይጠይቀው ቢቀር ይታማል። የቆላው አሠሪ የሠራተኛውን ቀበሌ ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ጉርብትና ይሠራው የነበረውን ሥራ ሌላ ነገር መተካት አለበት፤ እሱም ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ መከላከያ የማቅረብና አደጋን የመመዝገብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ግን በደላላ ተሰብስቦ በአይሱዙ ተጭኖ በቃል ስምምነት ለሚወርድ ልጅ አዋጁ ሩቅ ነው።

ስለዚህ ባለሀብቱን "ያተርፍሃል" ብሎ ማሳመን ጥሩ ነው፤ ለአጎበሩ፣ ለንጹሕ ውሃውና ለዳሱ እውነት ነውና። ከአጨዳ በኋላ ለሚመጣው በሽታ ግን ትርፍ አይደርስለትም። ለዚያ የሠራተኛው ስምና አድራሻ የሚጻፍበት መዝገብ፣ የሚያሳክመው ሰው ማንነት የታወቀበት ውል ያስፈልጋል። ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ዘንድሮ ቆላ የሚወርድ ከሆነ፣ የቀን ክፍያው ስንት ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር ሦስት ጥያቄ አስይዙት፦ የት ነው የምተኛው? የምጠጣው ውሃ ከየት ነው? ከተመለስኩ በኋላ ብታመም ማን ያሳክመኛል? ሦስተኛዋን ሰምቶ ዝም የሚል አሠሪ መልሱን ሰጥቷል።