ድንጋዩ በቦታው ሲነበብ፦ የመልካ ቁንጡሬ ጉብኝት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ለተመራማሪዎች የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የወንዝ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ እየተደራረቡ የ2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሰው ኑሮ ምልክቶችን ጠብቀዋል። ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሕፃናት የእግር ዱካ ከድንጋይ መሣሪያዎችና ከጉማሬ አጥንት ጋር ተገኝቷል።

የመሣሪያው ዕድሜ የሚታወቀው ካረፈበት የአፈር ንብርብር ስለሆነ፣ ያለ ምዝገባ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ምስክርነቱን ያጣል። ተማሪዎችን ለጉብኝት የሚመራ መምህር አስቀድሞ ሊያስረዳ የሚገባው ይህንኑ ነው። ተማሪው ባልጩቱን ለማስታወሻ ከማንሣት ይልቅ ሥሎና ያለበትን ንብርብር መዝግቦ ይመለስ። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ቢሠፍርም፣ ጥበቃው የሚጀምረው ከመማሪያ ክፍል ነው።