ከኋላ ለሚመጣው

ነሐሴ ነው ወዳጆቼ፤ የጣርማበርን ነሐሴ ያየ ያውቀዋል። በማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳ መኪና 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ከዚያ ብርዱ እየጠና፣ ካፊያው መስታወቱን እየመታ፣ የገብሱ ማሳ በግራና በቀኝ እየሸኘው ሄዶ ሄዶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው አፋፍ ሲወጣ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና አስፋልቱን፣ ዋሻውንና ቁልቁለቱን አንድ ላይ ይሸፍነዋል። እዚያ ላይ ሹፌር ከፊቱ ያለውን መኪና አያየውም፤ የሚያየው የኋላ መብራቱን ነው።

ታዲያ አንድ አዛውንት ሹፌር የእህታቸውን ልጅ አስከትለው፣ ደብል ጋቢና ሃይሉክሳቸው ላይ የሱቅ ዕቃ ጭነው ወደ ደብረ ሲና ሲሄዱ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጡና፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው መሪያቸውን ያዙና፣ ልጁን «እስቲ ከኋላ ቁምልኝ» አሉት። መብራት አበሩ፣ ፍሬን ረገጡ።

«ጋሼ፣ የቀኙ ጨርሶ አይበራም። የግራው ግን ደህና ነው፤ ሳይመሽብን ብንሄድስ?»

«ልጄ፣ ይህን መብራት እኔም አላየው፣ አንተም አታየው። የሚያየው ከኋላችን የሚመጣው ሰው ነው። በጉም ውስጥ አንድ ብቻ ሲበራ ካየ ሞተር ሳይክል መስሎት ይጠጋናል» አሉና ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ።

ከዚያም ስፖንዳውን ከፈቱና፣ በመብራቱ ጎን ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈተው በልጁ መዳፍ ላይ አኖሩና፣ ፕላስቲኩ እንዳይሰበር ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ሳቡት። የአምፖሉን መቀመጫ ወደ ግራ አዙረው አወጡት፤ አምፖሉንም ገፋ፣ ዞር አድርገው ነቀሉት። ጠቁሯል። በዚህ አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ አንዱ 5 ዋት ነው፣ መብራት እስከበራ ድረስ ይበራል፤ ሌላው 21 ዋት ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ይደምቃል። ሁለቱም ተበጥሰዋል። መቀመጫው ላይ አረንጓዴ ዝገት ነበረና በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ፋቁት፤ ይህን የዘነጋ ሰው አዲስ አምፖል ገዝቶም ጨለማውን ይዞ ይሄዳል። ከዳሽቦርዱ መሳቢያ መጠባበቂያ አምፖል አመጡ፤ በጎኑ ያሉት ሁለት ጉጦች ከፍታቸው ይለያያልና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፣ እምቢ ካለ በጉልበት አይገፋም።

ልጁ ብሎኑን እያቀበለ «ጋሼ፣ ስንመለስ ከሶማሌ ተራ ኤልኢዲ ብናስገባለትስ?» አላቸው። በዚህ ነገር እኔም ከልጁ ጋር ነኝ። ባለ ክሩ አምፖል ግሎ እስኪደምቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ኤልኢዲ በ0.2 ሰከንድ ያህል ይቀድመዋል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚከተል መኪና ይህ ከ4 ሜትር በላይ ነው፤ 4 ሜትር ደግሞ በዚያ ቁልቁለት ነፍስ ያድናል።

አዛውንቱ «እናስገባለን፣ ግን እያየን» አሉት። ለቀይ መስታወት ቀይ ኤልኢዲ ይመረጣል፤ ከነጩ ብርሃን ብዙውን መስታወቱ ያስቀረዋል። ደግሞም ገንዘብ ሳይከፈል በፊት ባትሪ ላይ ይሞከራል፤ አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ ፓርኪንጉንም ፍሬኑንም እኩል ያበራል፤ ታዲያ ከኋላ ያለው ሰው መቆማችንን በምን ይወቅ? ፍሬቻውንም በኤልኢዲ የቀየረ ሰው ፍሬቻው ሲጣደፍበት አይደንግጥ። የድሮው ሪሌ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲያንስበት አምፖል እንደተቃጠለ ይቆጥረዋል፤ መፍትሔው ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ ማስገባት ነው። ሬዚስተር የሚያስሩም አሉ፤ እሱ ክፉኛ ይግላልና ብረት ላይ እንጂ ፕላስቲክ ላይ አይታሰርም። ሰማያዊውንና ብልጭ ድርግም የሚለውን ግን ተዉት፤ የተከታይን ዓይን ማወናበድ በደል ነው።

ከዚያ መብራቱን ገጠሙና፣ ልጁ እንደገና ከኋላ ቆሞ ሁለቱም መብራታቸውን አይቶ «በርቷል ጋሼ» አለና፣ ወደ ጉሙ ገቡ።

እናንተም ወዳጆቼ፣ ነገ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት አንድ ሰው ከኋላ አቁሙና ፍሬን ርገጡ። ሰው ከጠፋ መኪናውን በጀርባው ወደ ግድግዳ አስጠጉና ቀዩን ብርሃን በመስታወት እዩት፤ አንዱ ከጎደለ ሳትቀይሩ አትውጡ።