ሰባኪው፣ ወዛደሩና ጎዳናው

«አደባባይ» በአማርኛ ሁለት ፍች አዝሎ የኖረ ቃል ነው። በአንድ በኩል ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ሰፊ ሥፍራ ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አዋጅ የሚነገርበትን፣ ፍርድ የሚሰጥበትን፣ የተበደለ ቀርቦ «አቤት» የሚልበትን ችሎት ያስታውሳል። ስለዚህም በአደባባይ ማን ይናገር፣ ማንስ ዝም ይበል የሚለው ጥያቄ በማናቸውም ኅብረተሰብ ውስጥ የሥልጣን ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ወንጌል ይዘው ወደ ጎዳና የወጡ ሰባኪዎችና በዚያው ጎዳና ላይ የመደባቸውን ጥያቄ ያነሡ ወዛደሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ተጋፈጡት ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሰበካ ወደ ከሰል ጉድጓድ

በ18ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ስብከት ጣራና ግድግዳ ያለው ሥራ ነበር። ካህኑ በተሾመበት ሰበካ፣ በተባረከው ሕንፃ ውስጥ ቆሞ ያስተምራል፤ ምእመኑም እንደ ማዕረጉ በተመደበለት ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣል። ከሰል ቆፋሪው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ከብሪስቶል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በኪንግስውድ የሚኖሩት ቆፋሪዎች በአቅራቢያቸው ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልተሠራላቸውም ነበር።

ጆርጅ ዋይትፊልድ የተባለው ወጣት ካህን በፌብርዋሪ 17 ቀን 1739 ወደ እነዚህ ሰዎች ሄዶ በሜዳ ላይ ሰበከ። ባልደረባው ጆን ዌስሊም በኤፕሪል 2 ቀን በዚያው በብሪስቶል አካባቢ ፈለጉን ተከተለ። ዌስሊ ሥርዓት አክባሪ ሰው ስለ ነበረ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነፍስን ማዳን ኃጢአት ሊመስለው ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ በዕለት መዝገቡ ላይ ተናዟል። ይህ ከሕንፃ የወጣ ስብከት በየሥፍራው በደስታ ብቻ አልተቀበሉትም። በ1743 በዌንዝበሪ የተነሣ ሁከት የተከታዮቹን ቤቶች ሰባብሮ ንብረታቸውን ዘርፏል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ ጎዳናው ለሰባኪው ብቻ ሳይሆን ለአድማጩም ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። በሜዳ ላይ ቃል የሰማ ሠራተኛ ውሎ አድሮ ራሱ ቆሞ መናገርን፣ ጉባኤ መምራትን፣ መዋጮ መሰብሰብን ለመደ። በ1834 በዶርሴት አውራጃ፣ ቶልፐድል በምትባል መንደር፣ 6 የእርሻ ሠራተኞች የደመወዝ ቅነሳን ለመቋቋም ማኅበር ሲመሠርቱ በምስጢር ተማምላችኋል ተብለው ለ7 ዓመት ወደ አውስትራሊያ በግዞት እንዲላኩ ተፈርዶባቸዋል። መሪያቸው ጆርጅ ላቭለስ የሜቶዲስት ምእመን ሰባኪ ነበር። ሰባኪውና ወዛደሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው ተገኝተዋል።

ከበሮና ዐፅም

ዊልያም ቡዝ በ1865 በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል በድሆች መካከል የጀመረው ስብከት በ1878 «ሳልቬሽን አርሚ»፣ ማለትም የድኅነት ሠራዊት፣ የሚል ስም ወጣለት። ሠራዊቱ የደንብ ልብስ፣ የማዕረግ ተዋረድ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ከበሮና የናስ መለከት ነበረው። ሴቶች እንደ ወንዶች ቆመው ሰበኩ። ከመሸታ ቤትና ከሙዚቃ አዳራሽ የሰማውን ዜማ ወስዶ የመዝሙር ቃል አለበሰው፤ በዚህም ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያውቀው ድምፅ ሕዝቡን ጠራው።

ሠራዊቱ መጠጥን ስለሚያወግዝ የመሸታ ቤት ባለቤቶች ጥቅማቸው ተነካ። በእሑድ ማለዳ ከበሮ በደጁ የሚያልፍበት ነዋሪም ተማረረ፤ ይህ ምሬት ሁሉ ከክፋት የመነጨ ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ምሬቱ ወደ ዱላ ተለወጠ። ራሱን የዐፅም ሠራዊት ብሎ የሰየመ ስብስብ በየከተማው ተነሥቶ ሰልፈኞቹን በድንጋይና በጭቃ ይቀበላቸው ጀመር። በ1882 ብቻ ከ600 በላይ አባሎቹ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው የድኅነት ሠራዊት ራሱ ቆጥሯል።

የክርክሩ ፍሬ ነገር በዚያው ዓመት ዌስተን ሱፐር ሜር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ገሃድ ወጣ። ሁከት ይነሣል ተብሎ ስለ ተሰጋ፣ የከተማይቱ ዳኞች ሰልፉን ከለከሉ። ዊልያም ቢቲ የተባለው መሪና ጓደኞቹ ግን በመጋቢት ወር ሰልፉን ይዘው ወጡ፤ ተያዙ፤ ጸጥታ ለማክበር ዋስ እንዲጠሩም ታዘዙ። ድንጋይ የወረወረው ሳይሆን የተወረወረበት ተከሳሽ ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩን በይግባኝ ያየው የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰኔ ወር ትእዛዙን ሻረ። አንድ ሰው የሚሠራው ሥራ ሕጋዊ እስከ ሆነ ድረስ፣ ሌላው ተቆጥቶ ሕግ ስለሚጥስ ብቻ ሠሪው ጥፋተኛ ሊባል አይችልም ሲል ወሰነ።

ያው ጎዳና፣ ሌላ ድምፅ

ይህ ውሳኔ የማን ሀብት ነበር? የሰባኪዎች ብቻ ነው ወይስ የሁሉ? ጥያቄው ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ በለንደን ላይምሃውስ ሰፈር፣ ዶድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ተነሣ። በዚህ መንገድ ላይ የሃይማኖት ወገኖችም ሆኑ ሌሎች ለዓመታት በእሑድ ቀን ጉባኤ ያደርጉ ነበር። በ1885 ግን ሶሻሊስቶች በዚያው ሥፍራ ለወዛደሩ መናገር ሲጀምሩ ፖሊስ «መንገድ ዘጋችሁ» እያለ ያስራቸው ጀመር። መንገዱ ያው፣ ቀኑም ያው ሆኖ የተለወጠው የሚነገረው ቃል ብቻ ነበር።

በሴፕቴምበር 20 ቀን ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ብዙዎች ተያዙ። በማግሥቱ ፍርዱን ሊሰማ በችሎት ከተገኘው ሕዝብ መካከል ባለቅኔውና የእጅ ጥበብ ሊቁ ዊልያም ሞሪስ ተቃውሞውን በማሰማቱ እርሱም ታስሮ ተፈታ። በሴፕቴምበር 27 ቀን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ዶድ ስትሪት ተመመ፤ ፖሊስም እጁን ሰበሰበ።

ከባሕር ማዶ በአሜሪካ የሆነው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነበር። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስፖኬን ከተማ የሥራ አገናኝ ቢሮዎች፣ ከጫካ ሥራ፣ ከማዕድንና ከአጨዳ የሚመጡትን ተንከራታች ሠራተኞች ገንዘብ እየተቀበሉ ወደሌለ ወይም ለጥቂት ቀን ብቻ ወደሚቆይ ሥራ ይልኳቸው ነበር። «የዓለም ኢንዱስትሪ ሠራተኞች» የተባለው ማኅበር ተናጋሪዎች በእነዚህ ቢሮዎች ደጃፍ ቆመው «ሥራ በገንዘብ አትግዙ» እያሉ ቀሰቀሱ። የከተማው ምክር ቤት ከ1909 መግቢያ ጀምሮ የጎዳና ንግግርን ከለከለ፤ ቆየት ብሎም የድኅነት ሠራዊትንና መሰል የሃይማኖት ወገኖችን ከክልከላው ነፃ አወጣ።

እንግዲህ በዌስተን ለሁሉ የተገኘው መብት በስፖኬን ለአንድ ወገን የተሰጠ ችሮታ ሆነ። ችሮታ ደግሞ መሣሪያ ይሆናል፤ የአንዱ ከበሮ የሌላውን ንግግር ሊያፍን ይችላልና። ሠራተኞቹ መልሳቸውን በመዝሙርና በእስር ቤት ሰጡ። በኖቬምበር 2 ቀን 1909 እየተራ እየተነሡ መናገር ጀመሩ፤ ገና አንዲት ቃል ሳይጨርሱ እየተያዙ እስር ቤቱን ሞሉት። የ19 ዓመቷ ኤሊዛቤት ገርሊ ፍሊን ፖሊስ በቶሎ እንዳይወስዳት ራሷን ከመብራት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰረች። በማርች 1910 ከተማው ተሸንፎ እስረኞቹን ፈታ፤ የ19 ቢሮዎችንም ፈቃድ ሰረዘ።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው የዜማው ጉዞ ነው። የድኅነት ሠራዊት ከመሸታ ቤት ዜማ እንደ ወሰደ ሁሉ፣ ስደተኛው ሠራተኛ ጆ ሂል በ1911 በታወቀ መዝሙር ዜማ ላይ፣ ለተራበ ሰው በሰማይ እንጀራ የሚያባብለውን ሰባኪ የሚተች ግጥም አኖረ። ዜማ የጎዳና ልጅ ነው፤ ጌታ አይመርጥም። ተፋላሚዎቹም በአንድ ማዕዘን ላይ ቆመው አንዱ ከሌላው ተምረዋል።

ጎዳናን መካፈል

ይህ ሁሉ ሲባል ጎዳናው የተናጋሪዎች ብቻ አይደለም። በቤቱ የታመመ፣ ከሌሊት ሥራ ገብቶ የተኛ፣ ልጁን የሚያስጠና፣ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ሁሉ ባለድርሻ ነው። የድምፅ ማጉያ ሲመጣ ይህ ጉዳይ ከበደ፤ ሰባኪው ከቆመበት ተነሥቶ የሚሄደውን አድማጭ ድምፁ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ይገባልና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948፣ በመናፈሻ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሰበከ አንድ የይሖዋ ምሥክር የተቀጣበትን ደንብ ሻረ፤ ምክንያቱም ፈቃድ መስጠትና መንሣቱ ለፖሊስ አዛዡ ውዴታ የተተወ ስለ ነበረ ነው። በተከታዩ ዓመት ግን በትሬንተን ከተማ የመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጩኸትን የሚከለክለውን ደንብ አጸና። ሁለቱ ውሳኔዎች ሲነጻጸሩ መንገዱን ያሳያሉ። የድምፁ መጠን፣ ሰዓቱና ቦታው ለሁሉ እኩል በሆነ ደንብ ሊወሰን ይችላል፤ የቃሉን ይዘት እየመረጡ አንዱን መፍቀድና ሌላውን መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው።

በለንደን ሃይድ ፓርክ ከ1866 የሠራተኞች የምርጫ መብት ሰልፍ በኋላ፣ በ1872 በወጣው ሕግ መሠረት ለንግግር የተተወው ማዕዘን ዛሬም አለ። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ እምነት የለሹና ፖለቲከኛው እየራሳቸው ከፍታ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የሚያዳምጥ ቀርቦ ያዳምጣል፤ የሰለቸው ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ሌላውን ይሰማል።

በእኛም ከተሞች የቅዳሴው፣ የአዛኑ፣ የጎዳና ሰባኪው፣ የሎተሪ አዟሪውና የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው አቤቱታ ስለ ሌላው ድምፅ ነው፤ ስለ ራስ ድምፅ የሚያስብ ጥቂት ነው። የዌስተን፣ የዶድ ስትሪትና የስፖኬን ታሪክ ይህንን ይገለብጠዋል። ለራሱ የጠየቀውን ፈቃድ ለማይወደው ጎረቤቱም ያልጠየቀ ተናጋሪ፣ የያዘው መብት ሳይሆን ባለሥልጣን ሲቀየር የሚነጠቅ ችሮታ ነው።